አሻራው የአባትህ ነው፤ ማኅተሙን ማን ይያዘው?

የሕግ ዲግሪ ይዛችሁ ጉንደ ወይን ላይ ሥራ የምትፈልጉ ልጆች፣ ይቺን አንብቧት።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «ኖታሪ ሆንኩ» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። እዚያ በአብዛኛው ግዛት የሕግ ትምህርት አይጠየቅም፤ ማመልከቻ ሞልቶ፣ ከፍሎ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል። እኛ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በግሉ ቢሮ ከፍቶ ሰነድ የሚያረጋግጥ ሰው የለም፤ ሥራው የመንግሥት ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ «ውልና ማስረጃ» የምንለው የፌዴራል ተቋም ይሠራዋል፣ በክልላችን ደግሞ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ። ስለዚህ መንገዱ ይታወቃል፦ ሕግ ተማር፣ የመውጫ ፈተናውን እለፍ፣ የቅጥር ማስታወቂያ ተከታተል፣ ተወዳደር።

«ማኅተም መምታት ደግሞ ምን ሙያ አለው?» የሚል አይጠፋም። አለው እንጂ! የፌዴራሉን አዋጅ ቁጥር 922/2008 እዩት። አረጋጋጩ ፈራሚው ራሱ መሆኑን፣ ለመፈረም ችሎታና ሥልጣን እንዳለው፣ ሰነዱም ሕግ የማይጥስ መሆኑን ማጣራት አለበት። ይኼ የማኅተም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ለእኛ ሰው ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 እንደሚለው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያኖረው አሻራ ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። የቤት ሽያጭም በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት መደረግ አለበት።

እስቲ አስቡት። ከጎንቻ ሲሶ እነሴ ቀበሌዎች ወርደው ከተማ የገቡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አባት ውክልና ሊሰጡ ቀርበዋል። ጠበቃ የላቸውም። አጠገባቸው ያለው ደላላና ወረቀቱን የጻፈው ሰው ነው። «አባቴ፣ የተጻፈው ይሄ ነው፤ ተስማምተዋል?» ብሎ አንብቦ የሚጠይቃቸው ያ ሠራተኛ ብቻ ነው። እሱ ከተቻኮለ ወይም ካላወቀ፣ የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ አውራ ጣት ይሄዳል፤ ተከራክሮ ማስመለሱ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ ቦታው ሲከፈት ማስታወቂያው በግልጽ ይለጠፍ፤ በችሎታ እንጂ በትውውቅ አይያዝ። ሁለተኛ፣ አንተም «ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ካልሆንኩ» ብለህ አትናቀው፤ ተወዳደርበት።

እስከዚያው ግን ዛሬውኑ ቤት ግቡና ለወላጆቻችሁ ንገሩ፦ ያልተነበበላቸው ወረቀት ላይ ጣታቸውን እንዳያሳርፉ። ለሚመለከተው ሁሉ ሼር አድርጉት።