ጉቶው አልሞተም፤ የተበላ ተራሮችና የእምነት እድገት

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ተበላ የምትባል ከተማ አለች፤ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉትን ተራሮች ዛሬ የሚያይ እንግዳ ከጥንትም እንዲህ በደን የተሸፈኑ ይመስሉታል። የአገሩ ሰው ግን ያውቃል። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት እነዚህ ተራሮች ራቁታቸውን ነበሩ። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል አልቆ፣ ሣሩን ከብትና ፍየል ግጦት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈርና ድንጋይ ይዞ ወደ ማሳው ይወርድ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ወርልድ ቪዥን ከመንግሥትና ከገበሬው ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት እንዲያገግም ሥራ ጀመረ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የበቀለው ደን አብዛኛው ከተተከለ ችግኝ የመጣ አለመሆኑ ነው። የመጣው ከመሬት በታች በሕይወት ከነበሩ ጉቶዎችና ሥሮች ነው። ጉቶዎቹ በየዓመቱ ያቆጠቁጡ ነበር፤ ለምለሙን ፍየል ይበላዋል፣ የተረፈውን መጥረቢያ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ገበሬዎቹ ሦስት ነገር አደረጉ። መሬቱን ከልቅ ግጦሽ ከለሉ፤ ከየጉቶው ጠንካራ ቀንበጦችን መርጠው ሌላውን መለመሉ፤ ጥበቃ አቆሙ። ሥሩን ማንም አልፈጠረውም፤ ነበረ።

ይህ ታሪክ የደን ብቻ አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በተለይ በወጣቱ ዘንድ ለተምታታ አንድ ጥያቄ መልስ ይዟል። አማኝ የሚያድገው በምንድን ነው?

ዛሬ የብዙው ሰው መልስ "በፕሮግራም" የሚል ሆኗል። የኮንፈረንስ ፖስተር ይለጠፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ የታወቀ አገልጋይ ከሩቅ ይመጣል። ወጣቱ አርብ ማታ በእንባ ይጸልያል፣ ቅዳሜ አዳር ያድራል፣ እሑድ "ሕይወቴ ተለወጠ" ብሎ ይመሰክራል። ሰኞ ባጃጁን አስነሥቶ ሥራ ይገባል፤ እንግዳ ሰው ሲያገኝ ታሪፉን እጥፍ አድርጎ ይጠይቃል፤ ረቡዕ ላይ ከወንድሙ ጋር የተኳረፈበት ጉዳይ እንዳለ ነው። ቅዝቃዜው ሲመለስበት ጥፋቱ የአገልጋዩ ይመስለውና "ቅባቱ የሚበልጥ" ሌላ አገልጋይ ፍለጋ ይወጣል። እንዲህ ሲመላለስ ዓመታት ያልፋሉ። በመጨረሻም ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ለተአምር ገንዘብ በሚጠይቅ ሰው እጅ ይወድቃል፣ ወይ "እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ኮንፈረንስ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ዝናብ መልካም ነው። ነገር ግን በራቁት ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ ጎርፍ እንደሚሆን ከተበላ ገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም። ያው ዝናብ ደን ባለበት ሲወርድ መሬት ውስጥ ሰርጎ ምንጭ ይሆናል። ልዩነቱን ያመጣው የደመናው ብዛት ሳይሆን የመሬቱ አያያዝ ነው።

ጉቶን የመንከባከቡን ዘዴ ወደ ሁምቦ ያመጣው አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ ነው። በኒጀር በሚስዮናዊነት ሲያገለግል ብዙ ችግኝ አስተከለ፤ አብዛኛው ደረቀ። ተስፋ ሊቆርጥ በተቃረበበት በእ.ኤ.አ. 1983 አንድ ቀን መኪናውን በመንገድ ዳር አቁሞ ጸለየ። ከዚያ ቀና ሲል ከዚህ ቀደም ሺህ ጊዜ አይቶ ያለፈውን ቁጥቋጦ ልብ ብሎ አየው። ቅጠሉን ሲመረምር ቁጥቋጦ ሳይሆን የተቆረጠ ዛፍ እንደገና ያቆጠቆጠው ሆኖ አገኘው። ጸሎቱ ችግኝ አላወረደለትም። እግሩ ሥር የነበረውን እንዲያይ ዓይኑን ከፈተለት።

ሪናውዶ ያገለግልበት የነበረው ድርጅት ኤስ.አይ.ኤም. ለወላይታ ሰው እንግዳ አይደለም። ሚስዮናውያኑ ወላይታ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ሲሆን ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ሰፈሩ። ከእነርሱ በፊትም ኤሳ የተባለ የጋሞ ሰው ሕዝቡ ጣዖትን ትቶ ፈጣሪውን ጦሳን ብቻ እንዲለምን እየዞረ ይናገር ነበር። መሬቱ ሚስዮናውያኑ ከመምጣታቸው በፊት ሲዘጋጅ ቆይቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነበር። የጣሊያን ጦር አገሩን ሲይዝ ሚስዮናውያኑ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ወላይታን ለቅቀው እንዲወጡ ተገደዱ። ትተውት የሄዱት የተጠመቀ አማኝ ሃምሳ እንኳ አይሞላም ነበር። በሰው ስሌት ነገሩ ያለቀ ነበር። በቋንቋቸው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ የለም፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የለም፤ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ የለም። መሪዎቹ ታሰሩ፤ እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉት በጅራፍ ተገረፉ። ጣሊያን ተባርሮ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ አማኞችና አንድ መቶ ያህል አጥቢያዎች ጠበቋቸው።

ይህን ታሪክ ብዙዎች እንደ ተአምር ብቻ ይተርኩታል። ተአምርነቱ እውነት ነው። ነገር ግን የተአምሩ የየዕለት መልክ ምን ይመስል ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል። በየቤቱ ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብ ነበር። ለታሰሩት ስንቅ ያደርሱ ነበር። ጎረቤታቸው ወንጌልን ከመስማቱ በፊት እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚዋደዱ አየ። ከእነዚያ ቤቶች የወጡ ወንጌላውያን ወደ አጎራባች ሕዝቦች ተሻገሩ። በድምፅ ማጉያ የሚጠራ ፕሮግራም አልነበራቸውም፤ አጥር ግን ነበራቸው፤ ጥበቃም ነበራቸው።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። እድገት በትጋት ከሆነ ጸጋ ምን ሥራ ቀረው? መልሱን ተራራው ራሱ ይሰጣል። የሁምቦ ገበሬ አጥር በማጠሩ ሥር አልፈጠረም፤ ዝናብም አላዘነበም። ነገር ግን "ሥሩም ዝናቡም የእግዚአብሔር ነው" ብሎ ፍየሉን ቢለቅ ኖሮ ዛሬም ተራራው ራቁቱን ነበር። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በምዕራፍ 2 ላይ ሁለቱን አብሮ ያስቀምጣቸዋል። መዳናችሁን በፍርሃት ፈጽሙ ይላል፤ ወዲያውም በውስጣችሁ የሚሠራው እግዚአብሔር ነው ይላል። ትጋት የጸጋ ተቀናቃኝ አይደለም። ጸጋ የሰጠውን ፍየል እንዳይበላው መጠበቅ ነው።

ጸሎት በዚህ መልኩ ሲታይ ቦታውን ያገኛል። ብዙ ሰው ጸሎትን የጥያቄ ማመልከቻ አድርጎታል፤ መልስ ሲዘገይ ማመልከቻውን ይተዋል። የዕለት ጸሎት ግን ከሁሉ በፊት እንደ ጥበቃ ሥራ ነው። ጠባቂ በየቀኑ አዲስ ነገር ስለሚያይ አይደለም የሚዞረው፤ ካልዞረ ምን እንደሚገባ ስለሚያውቅ ነው። ጠዋት ሃያ ደቂቃ በእግዚአብሔር ፊት የሚቀመጥ ሰው ብዙውን ቀን ምንም ላይሰማው ይችላል። ያ ጊዜ ግን በከንቱ አልጠፋም፤ በዚያ ቀን ቂም ሳይገባ ቀርቷል፣ ውሸት አፉ ላይ ደርሶ ተመልሷል።

መመልመልም አለ። ከአንድ ጉቶ የሚወጣው ቀንበጥ ሁሉ ቢተው ዛፍ ለመሆን ይቸገራል። በአንድ ሳምንት ሦስት ኅብረት፣ ሁለት መዘምራን፣ አራት የቴሌግራም ትምህርት የሚከታተል አማኝ የበዛለት ቢመስልም ቁጥቋጦ ሆኖ ሊቀር ይችላል። አንዳንዴ ለእድገት የሚያስፈልገው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። በሱቁ ሚዛን የሚያጭበረብር ሰው ሌላ የጾም ጸሎት ከማወጁ በፊት ሚዛኑን ያስተካክል። የሰው ገንዘብ ይዞ የቀረ ከመድረክ ከመመስከሩ በፊት ዕዳውን ይክፈል።

ሌላም ትምህርት አለ። የሁምቦን ደን የሚጠብቁት ገበሬዎች በሰባት ማኅበራት ተደራጅተው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተራራ ሊከልል አይችልም፤ የአንዱ ፍየል የሁሉን ድካም ያበላሻልና። አማኝም እንዲሁ ነው። በስልኩ ስብከት እየሰማ ከአጥቢያው የራቀ ሰው ብዙ ሊያውቅ ይችላል፤ "ሰሞኑን ጠፋህ፣ ምን ሆነህ ነው?" ብሎ በሩን የሚያንኳኳ ግን የለውም። እነዚያ የጣሊያን ዘመን አማኞች የጸኑት እያንዳንዳቸው ጀግና ስለነበሩ ብቻ አይደለም። አንዱ ሲታሰር የሌላው ቤት ስንቅ ያዘጋጅ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ይህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚመለከተው "እኔ ደርቄያለሁ" የሚለውን ሰው ነው። በልጅነቱ ሰንበት ትምህርት ቤት የዘመረ፣ በአፍላነቱ የተጠመቀ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ለሥራ ሄዶ ወይም እዚያው አገሩ ሆኖ ቀስ በቀስ የቀዘቀዘ ብዙ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው እንደ አዲስ የሚተከል ችግኝ ከሩቅ እንዲመጣለት መጠበቅ የለበትም። የተበላ ተራራ ሞቷል ተብሎ ነበር፤ ከሥር ግን ሕይወት ነበረበት።

ይህ ሰው የሚቀጥለውን ኮንፈረንስ ሳይጠብቅ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል። ለጸሎት አንድ የተቆረጠ ሰዓት ይለይ፤ አጭር ቢሆንም በየቀኑ ይሁን። እምነቱን እየበላ ያለውን አንድ ነገር በስሙ ጠርቶ ይቁረጥ። አንድ ወንድም ወይም አንዲት እናት ቤት ሄዶ "ጠፍቼ ነበር፣ ጠይቁኝ፣ ጸልዩልኝ" ይበል። የሁምቦ ገበሬም ውጤቱን በአንድ ክረምት አላየውም። ቀንበጥ መውጣቱ ግን ሥሩ ሕያው ለመሆኑ በቂ ምስክር ነው።