ከጤና ማዕዘን፦ የተበሳውን ካርድ የሚያየው ዘበኛ

  

ባለፈው ሰሞን እዚህ ጅቡቲ ከተማ ባልባላ ሰፈር አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆናትን ልጃቸውን አቅፈዋል። «ወንድሜ፣ አንተ ስለ ጤና ትጽፋለህ አሉ፤ እስቲ ይህን ጻፍልኝ» አሉኝ። ልጅቱ ዓመት እስኪያልፋት ድረስ እንደ ማንኛውም ሕፃን ነበረች። «እማ»፣ «ውኃ» ትላለች፣ ዳቦዋን በእጇ ይዛ ትበላለች። ከዚያ ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉ። እጇም መያዝ ተወ። ይልቁንስ ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ሁለት እጆቿን ቀኑን ሙሉ ስታፋትግ ትውላለች። አንዱ ጎረቤት «ቡዳ በልቷት ነው» አለ፤ ሌላዋ «በስደት መንገድ ላይ ስትደነግጪ ነው» አለች። የባላቸው ዘመዶች ደግሞ «በአንቺ ዘር ያለ እርግማን ነው» ብለው ቆረጡ። እናትየው የጠየቁኝ ስለ መድኃኒት መሰላችሁ? አይደለም። «እኔ ምን አድርጌ ነው?» ነው ያሉኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የልጅቱ ሕመም ይህ ነው ማለት አልችልም፣ አላልኩምም። ነገር ግን ከነገሩኝ ምልክቶች ጋር በጣም የሚመሳሰል፣ ምክንያቱም የታወቀ አንድ ሕመም አለ። ሬት ሲንድሮም ይባላል። ስሙ ከመራራው ሬት ጋር ዝምድና የለውም፤ የሐኪም ስም ነው። ዶክተር አንድሪያስ ሬት በ1954 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቪየና ውስጥ በተራ መጠበቂያ ክፍላቸው ሁለት ሴት ሕፃናት በየእናቶቻቸው ጭን ላይ ተቀምጠው አንድ ዓይነት የእጅ ማፋተግ ሲያደርጉ አዩ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መከታተል የጀመሩት። ሕመሙ የሚይዘው ከ10,000 ሴት ልጆች አንዷን ያህል ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ረቀቅ ይላል።

በሕዋሶቻችን ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል ረጅም ጽሑፍ አለ። ፊደላቱ አራት ብቻ ናቸው፤ ርዝመቱ ግን ሦስት ቢሊዮን ፊደል ያህል ነው። ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዙት የጽሑፉ ክፍሎች ጂን ይባላሉ፤ ወደ 20,000 ይደርሳሉ። የጉበት ሕዋስም የአንጎል ሕዋስም የያዙት ጽሑፍ አንድ ነው። ጉበት ጉበት፣ አንጎልም አንጎል የሚሆነው ሁሉም ጂን በሁሉም ቦታ ስለማይሠራ ነው። የትኛው ጂን ዝም እንደሚል ከሚያመለክቱት ነገሮች አንዷ ሜቲል የምትባል ቅንጣት ናት። ከአንድ ካርቦንና ከሦስት ሃይድሮጅን የተሠራች ስትሆን፣ ከአራቱ ፊደላት «ሲ» በተባለው ላይ ትለጠፋለች፤ አብዛኛውን ጊዜም «ጂ» ሲከተለው ነው። ጽሑፉን አትቀይርም፤ ምልክት ብቻ ናት። በነገራችን ላይ በ2012 በወጣ አንድ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ደጋና ቆላ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሲነጻጸሩ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ የሜቲል ምልክታቸው ተለያይቶ ተገኝቷል። ለመነሻ ያህል የተደረገ ሙከራ ነበር።

አሁን ደግሞ የድሮውን የራሽን ካርድ አስታውሱ። የወሩን ድርሻ ስትወስዱ ካርዱ ይበሳል። ቀዳዳው ግን በራሱ ማንንም አይከለክልም። ከበሩ ላይ ቆሞ፣ ካርዱን አገላብጦ አይቶ «የዚህን ወር ወስደሻል» የሚለው ዘበኛ ነው የሚከለክለው። ዘበኛው ከሌለ ቀዳዳው ምን ይሠራል?

በሕዋስ ውስጥም እንዲህ ያሉ ዘበኞች አሉ። ሜቲል ያለበትን ቦታ ለይተው የሚይዙ ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነርሱ አንዱን፣ ሜክፒ-2 የተባለውን፣ ኤድንብራ ይሠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ኤድሪያን በርድና ባልደረቦቻቸው በ1992 አገኙት። ይህ ፕሮቲን ምልክቱን ይዞ ብቻውን አይቆምም፤ ረዳቶች ይጠራል። ዲ ኤን ኤ፣ ሸማኔ ክሩን በቀሰም ላይ እንደሚጠቀልል፣ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ የተጠቀለለ ነው። የተጠሩት ረዳቶች ከሂስቶኑ ላይ አሴቲል የሚባል ሌላ ቅንጣት ይነቅላሉ። ያኔ ጥቅልሉ ይጠብቃል፤ ጂኑም ለማንበብ አስቸጋሪ ስለሚሆን ድምፁን ይቀንሳል።

ዘበኛው ሲበላሽስ? እኔ መጀመሪያ የመሰለኝ ጂኖቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚጮኹ ነበር። እንዲያ አይደለም። ብዙ ጂኖች እያንዳንዳቸው በጥቂቱ ከልካቸው ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ። መምህር የወጣበትን ክፍል አስቡት፤ ማንም አይጮህም፣ ሁሉም ያንሾካሽካል፣ ግን መማር አይቻልም። ሜክፒ-2 በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ እጅግ በብዛት ስለሚገኝ ጉዳቱ የሚበረታው በአንጎል ላይ ነው። ሲበዛም ያው ጉዳት ነው፤ ጂኑ በእጥፍ የተገኘባቸው ወንዶች ልጆች ሌላ ከባድ ሕመም አለባቸው።

ኤድንብራ ዘበኛውን ሲያገኙ ከሬት ሕመም ጋር የሚገናኝ መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም። ያገናኘችው ስደት ያንከራተታት ሴት ናት። ሁዳ ዞግቢ ቤይሩት ተወልዳ በ1975 እዚያው ሕክምና መማር ስትጀምር የሊባኖስ ጦርነት ፈነዳ። በማግስቱ ዓመት ወላጆቿ ነገሩ እስኪበርድ ብለው ከወንድሟ ጋር አሜሪካ ወዳለችው እህታቸው ላኳቸው። ነገሩ አልበረደም፤ መመለስም አልተቻለም። (ይህን ታሪክ ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ!) ናሽቪል ከተማ የሚገኘው የጥቁሮች የሕክምና ኮሌጅ ማሃሪ ተቀበላት፤ በ1979 ሐኪም ሆነች። በ1983 ሂዩስተን ውስጥ የመጀመሪያዋን የሬት ታማሚ ሕፃን አየች። ከዚያም 16 ዓመት ፈለገች። በ1999 እሷና ባልደረቦቿ የተበላሸው ጂን የትኛው እንደሆነ ይፋ አደረጉ፤ የሜክፒ-2 ጂን ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ ልመለስ። ይህ ጂን ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ አላት፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ ግን አንደኛው ዝም ይላል። ስለዚህ ከታመመችው ልጅ ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ በጤነኛው ጂን፣ የቀሩት በተበላሸው ይሠራሉ። ወንድ ኤክሱ አንድ ስለሆነ ሕመሙ ይበረታበታል፤ ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ይሞታሉ። ዋናው ነገር ደግሞ ይኸው፦ ከ100 ታማሚዎች በ99ኙ ስህተቱ ከዘር የመጣ አይደለም። በልጅቱ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። የብራና ጸሐፊ ሲገለብጥ አንዲት ፊደል እንደሚስት ማለት ነው። ያውም ብዙውን ጊዜ የሚሳተው የአባት የዘር ፍሬ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ኧረ ተዉ፣ አሁን ደግሞ በአባት ላይ እንዳትዘምቱ! እሱም ያደረገው ነገር የለም። ድንጋጤም፣ ቡዳም፣ የእናት ዘርም በዚህ ውስጥ የሉበትም።

መድኃኒትስ? የሚያድን እስካሁን አልተገኘም። በ2023 አሜሪካ ትሮፊኔታይድ የተባለ መድኃኒት ፈቅዳለች፤ ምልክቶቹን በመጠኑ ያቃልላል እንጂ አያድንም፣ ዋጋውም የእኛ አቅም አይደለም። ይሁንና በ2007 ኤድንብራ ውስጥ የተደረገውን ሙከራ ማወቅ ይጠቅማል። ጂኑ ተዘግቶባቸው ለሞት የተቃረቡ አይጦች፣ ጂኑ መልሶ ሲከፈትላቸው አገግመው መራመድ ጀመሩ። የነርቭ ሕዋሳቱ አልሞቱም ነበር ማለት ነው። አይጥ ሰው አይደለም፤ ለሰው የሚሆነው ሕክምና ገና በሙከራ ላይ ነው።

እስከዚያው የሚሠራ ሥራ አለ። የሚጥል በሽታ ከተከተለ መድኃኒት አለው። የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ጀርባዋ እንዳይጎብጥና እግሯ እንዳይደርቅ ይረዳል። ለመዋጥ ስለምትቸገር ምግቡ ይላምላት፣ ቀና ብላም ትብላ። እነዚህ ልጆች በአፋቸው ባይናገሩም በዓይናቸው ይናገራሉ፤ ሁለት ነገር ይዛችሁ ብታሳዩዋት የፈለገችውን አተኩራ ታያለች። ቀድሞ ሬት ከኦቲዝም ቤተሰብ ይቆጠር ስለነበር የሁለቱ ልጆች ወላጆች ችግር ይመሳሰላል። በ2021 ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ልጆቹን ከጓዳ ማውጣቱ ራሱ ትልቅ ትግል ነበር።

ለእናትየው በቁራጭ ወረቀት ላይ ለሐኪሙ የሚሰጡትን በፈረንሳይኛ ጻፍኩላቸው። አነባበቡ «ሴንድሮም ደ ሬት» ነው። ከዚያም በታች ልጅቱ መቼ መናገር እንደጀመረች፣ መቼ እንዳቆመች፣ እጇ መቼ መያዝ እንደተወ በወርና በዓመት መዘገብን፤ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ይህንን ጽሑፍም ሳነብላቸው ዝም ብለው አዳመጡና ሁለት ቅጂ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። አንዱ ለሐኪሙ መስሎኝ አማርኛ እንደማያነብ ስነግራቸው፣ «አንዱ ለእኔ ነው፣ አንዱ ለባሌ እናት» አሉኝ።