ከቀለሙ በፊት የመሪው ዘንግ

የመሪ ዘንግ ሾፌሩ የሚይዘውን መሪ ከፊት ጎማዎች ጋር የሚያገናኝ ብረት ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው፤ አይታጠፍም፣ አይሰበሰብም። መኪናው ፊት ለፊት ሲጋጭ ላሜራው ይጨመደዳል፤ ዘንጉ ግን እንደ ጦር ወደ ሾፌሩ ደረት ይገፋል። በዚያው ቅጽበት የሾፌሩ አካል ወደ ፊት ይወረወራል። ሁለቱ የሚገናኙት መሪው ላይ ነው። የጎድን አጥንት የሚሰበረው፣ ልብና ሳንባ የሚጎዱት በዚህ ግጥሚያ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ በይበልጥ የሚመለከተው ቮልስን ነው። ከንጉሡ ዘመን የተረፉ ቮልሶች ዛሬም መንገድ ላይ አሉ። የመኪና ዋጋ ውድ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እየታደሰ መኖሩ ስለዚህ አያስገርምም። ባለቤቱ ቀለሙን ያሳምራል፣ ወንበሩን ያስለብሳል፣ ሞተሩን ያስወርዳል። የመሪውን ዘንግ የሚያስታውሰው ግን ጥቂቱ ነው።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ከፊት ኮፈኑ ሥር ያለው ስኮርት ጎማ፣ የነዳጅ ታንከርና ሻንጣ ብቻ ስለሆነ ግጭቱን የሚመክት ከባድ ነገር የለም። የመሪው ሳጥን የታሰረው የፊት እግሮችን በሚሸከመው አግዳሚ ቱቦ ላይ፣ ለግጭቱ ቅርብ በሆነ ቦታ ነው። ከሳጥኑ የሚነሳው ዘንግ በታንከሩ ጎን አልፎ በቀጥታ ወደ ሾፌሩ ይመጣል። በመካከል ያለችው ክብ የጎማ ማያያዣ ንዝረት ትቀንሳለች እንጂ ግጭት አትመክትም። በገጠር መንገድ ብዙ ያገለገለው የድሮው ላንድሮቨር በዚህ ይለያል፤ የመሪው ሳጥን ከፊት እግሮች ኋላ፣ ለሾፌሩ እግር ቅርብ ነው። ግጭቱ ሳጥኑ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ የሾፌሩ ደረት ሲያርፍበት ግን የዚያም ዘንግ አይሸነፍም።

መፍትሔው ዘንጉ እንዲሸነፍ ማድረግ ነው። የመርሴዲሱ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ በዚህ ላይ ለዓመታት ሠርቷል። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ላይ የሚሰበሰብ ዘንግ ገጠመ። የውጭው ቱቦ እንደ ወንፊት ስለተበሳሳ ሲገፋ ይጨመደዳል፤ የውስጡ ዘንግ ሁለት ክፍል ሆኖ አንዱ ወደ ሌላው ይገባል፤ ሁለቱን የሚያያይዙት ትናንሽ የፕላስቲክ ካስማዎች ደግሞ በግጭት ጊዜ ይቆረጣሉ። ከጥር 1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ይህን በደህንነት ደንብ አስገደደ፤ መኪናው በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር እየሄደ ግድግዳ ሲመታ መሪው ከ12.7 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ኋላ እንዳይመጣ ወሰነ። በኋላ የተደረገ የመንግሥት ጥናት እንዲህ ያለው መሪ ፊት ለፊት ግጭት ውስጥ የሾፌሮችን ሞት በ12 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ቮልስም ከነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሠሩት ላይ የሚሰበሰብ ዘንግ ይዞ መጥቷል።

ስለዚህ የቮልስ ባለቤት መጀመሪያ ሊያውቅ የሚገባው መኪናው ከዚያ ወር በፊት ወይም በኋላ መሠራቱን ነው። ቀድሞ የተሠራ ከሆነ የኋለኛውን ዘንግ መግጠም ይታሰባል። ማሰሪያው፣ የቁልፍ ቤቱና የፍሬቻው ሽቦ ሊለያዩ ስለሚችሉ ዘንጉ ከነሙሉ ዕቃው ተገኝቶ በሚያውቅ መካኒክ መገጠም አለበት። ከተጋጨ መኪና የወጣ ዘንግ አይገዛም፤ አንዴ የተሰበሰበ ብረት ሁለተኛ አያድንም።

ሌላው አደጋ በጋራዥ የሚፈጠረው ነው። የሚሰበሰበው ዘንግ ሲላላ በብየዳ ቢያያዝ ተመልሶ ጦር ይሆናል። መሪው አልነቀል ሲል የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ መምታትም የፕላስቲክ ካስማ ባለባቸው ዘንጎች ላይ ካስማውን ይቆርጣል። መሪ የሚነቀለው በመንቀያ መሣሪያ ነው። ለጌጥ የሚገጠም፣ መሐሉ ጠንካራ ብረት የሆነ ትንሽ መሪም እንዲሁ የደረት ጠላት ነው።

ዘንግ መቀየር ለማይችል ባለቤት የቀረበው መዳኛ የደህንነት ቀበቶ ነው። ወገብ ብቻ የሚይዘው ደረትን ከመሪው አያድንም፤ በትከሻ የሚያልፈው ያስፈልጋል። ማሰሪያውም በስስ ላሜራ ላይ ሳይሆን በተጠናከረ ቦታ፣ በወፍራም ቡሎን መታሰር አለበት።

ከደነባ ወደ ደብረ ብርሃን ለሚወጣ ሾፌር ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚያም ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ቢያልፍ የጣርማ በር ጉም ይጠብቀዋል፤ ከጉሙ ውስጥ ብቅ የሚለው ደግሞ እህል የጫነ ከባድ መኪና ሊሆን ይችላል። ትንሽ ቮልስ ከእንዲህ ያለ መኪና ጋር ስትጋጭ የተሻለ ዘንግም ሁሉን አይችልም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን በ40 የሚነዳና በ80 የሚነዳ ሰው ዕጣቸው አንድ አይደለም።

በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ፍሬንና መብራት እንደሚታዩ ሁሉ የዘንጉ ብየዳና የቀበቶው ማሰሪያም በትኩረት ቢታዩ ብዙ ሕይወት ይተርፋል። አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰውም የገንዘቡን ቅደም ተከተል ያስተካክል፦ መጀመሪያ ፍሬንና ጎማ፣ ቀጥሎ ቀበቶ፣ ቀጥሎ የመሪው ዘንግ፣ ቀለሙ በመጨረሻ።