«ኦፕራሲዮን ሆኗል፣ ድኗል» ብላችሁ ክትትል አታቋርጡ

ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው።

እዚህ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳም ከአዲሱ ገበያም፣ የልብ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ልጅ ሲመጣ «ክትትሉስ?» እላለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ «ኧረ ዶክተር፣ ድኗል እኮ!» ነው።

አልፈርድባቸውም። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የሕፃናት የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት ዋናው ተስፋ ውጭ አገር መሄድ ነበር። ዛሬም ወረፋው ረጅም ነው። ይህን ሁሉ ጠብቆ ልጁ የታከመለት ወላጅ «አለቀ» ቢል ምን ይገርማል?

ግን አላለቀም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ቤት ውስጥ «ብርድ መቶት ነው» ይባላል። ውሃው ሲበዛ ግን ልብን አፍኖ ይገድላል! በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ይቀዳል፣ ካልሆነም ከረጢቱ በኦፕራሲዮን ተከፍቶ ይወጣል። የደረት ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ከያዘም እንደዚያው፣ ቤት ውስጥ ቅባት እየቀቡ መጠበቅ የለም።

ሌላው ዝም ብሎ የሚመጣ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅ ወደ ሳንባ የሚወስደው ጠባብ መንገድ በኦፕራሲዮን ይሰፋለታል። ብዙ ጊዜ ታዲያ እዚያ ያለው ቫልቭ ደም ወደኋላ ማፍሰስ ይጀምራል። ልጁ ኳስ ይጫወታል፣ ይማራል፣ ምንም አይለውም። የልቡ ቀኝ ክፍል ግን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይለጠጣል። ይህን የሚያሳየው ኢኮ ነው። ቫልቩ በጊዜ ካልተቀየረ የተለጠጠው ልብ ላይመለስ ይችላል። ድጋሚ ኦፕራሲዮን ሲባል ደግሞ «የመጀመሪያው ተበላሸ» ማለት አይደለም፤ ከመጀመሪያውም የሚጠበቅ ነው።

ጥፋቱ የወላጅ ብቻ ነው? በፍጹም! እኛ ሐኪሞች የመውጫ ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ሞልተን ለእናትየው እንሰጣለን። ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደቀረ፣ ቀጣዩ ኢኮ መቼ እንደሆነ በአማርኛ ሁለት መስመር መጻፍ ምን ይከብዳል? እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ከኦፕራሲዮኑ የማይነጠል ሥራ ነው።

እስከዚያው ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጥርስ ሐኪም ጋ ስትሄዱም አሳዩት፤ ከመነቀሉ በፊት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚያስፈልገው ልጅ አለ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ኦፕራሲዮን የተሠራበት ቦታ ካልደረስን አትበሉ። የጉለሌ ሰው ከሆናችሁ ጳውሎስ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው፣ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ ነገ ጠዋት ደውላችሁ ጠይቁ።