ክሪስታሉ ውስጥ ያለው ፕሮቲን አልሞተም

«ክሪስታል ውስጥ የታሰረ ፕሮቲን ሬሳ ነው፤ ሬሳ ስለ እንቅስቃሴ አያስተምርም» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። አልቀበለውም። ጸሐፊው የሚሞግቱት የትናንቱን የክሪስታል ጥናት ሙያ ነው።

ባክቴሪዮሮዶፕሲን የተባለውን ፕሮቲን እንይ። እጅግ ጨዋማ ውኃ ውስጥ በሚኖር ረቂቅ ሕዋስ ሽፋን ላይ ተሰክቶ፣ ብርሃን ባረፈበት ቁጥር አንድ ፕሮቶን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ክሪስታሉ ሐምራዊ ነው። ብርሃን ሲመቱት የፕሮቲኑ ቀለም ወደ ቢጫ ይዞራል፤ ዑደቱን ሲጨርስ ወደ ሐምራዊነቱ ይመለሳል። ሬሳ እንዲህ አያደርግም!

በ2016 ጃፓን ውስጥ ሳክላ በተባለው የኤክስሬይ ሌዘር ተመራማሪዎች ይህንኑ ዑደት ከናኖሰከንድ እስከ ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ በ13 ምስሎች ተከታተሉት። መሃል ላይ ያለው፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ሬቲናል ሲጣመም፣ አጠገቡ ያለው የውኃ ሞለኪውል ቦታውን ሲለቅ፣ የፕሮቶኑም መውጫ መንገድ ሲመቻች ደረጃ በደረጃ አዩ።

በአንድ ነገር እስማማለሁ፦ ክሪስታል ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚጫን የፕሮቲኑ ትልልቅ መፈናፈኖች ሊገቱ ይችላሉ። ለዚህም ነው ውጤቱ በብርሃን መለኪያ ጭምር የሚመሳከረው። ይህ ግን ዘዴውን ጠንቅቆ ለመጠቀም እንጂ ለመጣል ምክንያት አይሆንም።

ሶዲየም የሚገፋውን ኬአር2 የተባለ ፕሮቲን ደግሞ ጸሐፊው ጨርሶ አላነሱትም። ሬቲናሉ የተያያዘበት ቦታ አዎንታዊ ሙላት ስላለው ሶዲየምን ይገፈትራል፤ ታዲያ አዮኑ በየት ያልፋል? ለዓመታት ያከራከረ ጥያቄ ነበር። በ2020 የታተመ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ በክሪስታል የተደረገ ሙከራ ብርሃኑ ካረፈ ከ1 ሚሊሰከንድ በኋላ ሶዲየሙን እዚያው ሬቲናሉ አጠገብ አገኘው። በዚያ ቦታ፣ በዚያች ቅጽበት ያሳየን ክሪስታሉ ነው።