ነቃፊው ምን ያተርፋል?



በዩኒቨርስቲ ግቢ ውስጥ በዓልም ሆነ ዕረፍት የማያውቅ አንድ ችሎት አለ። ይኸውም ከእራት በኋላ በየመኝታ ክፍሉ፣ በተደራረቡት አልጋዎች መካከል የሚሰየመው ነው። ተከሳሹ ዘወትር በቦታው የለም። ምስክር አይጠራም፤ ይግባኝ አይባልም። የእገሌ አረማመድ፣ የእገሊት አለባበስ፣ የአንዱ እንግሊዝኛ፣ ሌላው ከእናቱ የተላከለት በሶ ሳይቀር ሲመዘን ያመሽና ፍርዱ በሳቅ ተዘግቶ መብራት ይጠፋል።

ይህ ጨዋታ እንጂ ክፋት አይደለም የሚሉን አሉ። ጨዋታ ባይሆንማ ማን ያመሽበት ነበር! እኛም ሳቅ ይከልከል የሚል ዐዋጅ ልናወጣ አልተነሣንም፤ የፈተና ሰሞን ያለ ሳቅ እንዴት እንደሚታለፍ አናውቅምና። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚህ ችሎት ማን ምን ይዞ ይወጣል? ተከሳሹ ተጎድቶ እንደሚወጣ የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተነግሯል። ዳኛውስ?

መልሱን ለመፈለግ በማግሥቱ ጧት ወደ መማሪያ ክፍል እንግባ። መምህሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ክፍሉ በሙሉ ወደ ደብተሩ ያቀረቅራል። መምህሩ ይጠብቃሉ፤ ደግመው ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻም የጠየቁትን ራሳቸው መልሰው ትምህርቱን ይቀጥላሉ። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ግን በመተላለፊያው ላይ «እኔ እኮ ዐውቀው ነበር» የሚል አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም። እናምናቸዋለን። መልሱ ከነበረ ታዲያ ዝምታው ከየት መጣ? እኛ እንደሚመስለን የመጣው ከማታው ችሎት ነው። አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ ሲናገር አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አፉ ላይ ብትሰበርበት፣ ያች ቃል ማታ ስሙ ሆና ትጠብቀዋለች። ከዚያ ወዲያ እስኪመረቅ ድረስ እናትና አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው አይኖርም።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ቤተ መጻሕፍት ከሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ለመጣው ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ወይም ሲዳምኛ ወይም ሶማልኛ የሆነ ወንድማችን በአማርኛ ሲያጫውተን ወንዱን «መጣች»፣ ሴቲቱን «መጣ» ቢል ቤቱ በሳቅ ይሞላል። በክፍል ውስጥ ደግሞ ያንኑ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ሊያቀርበው ግድ ነው። በሦስት ቋንቋ የሚመላለሰውን ይህን ሰው የሚስቅበት ማን ነው ቢባል፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቀው ነው።

ወደ ዳኛው እንመለስ። በሰው ስሕተት የሚስቅ ሰው ስሕተት ምን እንደሚያስከፍል ከሁላችን ይበልጥ ያውቃል፤ ዋጋውን የተመነው ራሱ ነውና። ስለዚህ እሱም እጁን አያነሣም። ግጥም ቢጽፍ ትራሱ ሥር ይደብቀዋል እንጂ ለሰው አያነብም። በመምህሩ ፊት «አልገባኝም» ማለት እንደ ሞት ይከብደዋል። የሰውን ጉድለት ሲቆጥር ይቆይና የራሱን ሥራ አንዴም ለሰው ሳያሳይ ይመረቃል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው እንግዲህ እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ከዚህም የባሰ ኪሳራ አለበት። ፈተና ሲቃረብ ተማሪ በሦስትና በአራት ተቧድኖ ያጠናል። አብሮ ማጥናት ማለት ደግሞ አለማወቅን በሰው ፊት መግለጥ ነው፤ «ይህች ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልገባችኝም» ማለት ያስፈልጋል። ታዲያ ይህንን ማታ ለሚተርክበት ሰው የሚያዋይ ሞኝ ከየት ይገኛል? ነቃፊው ጎበዝ ተማሪ ቢሆን እንኳ በሩን የሚያንኳኳ የለም። አብረውት የሚስቁትም ቢሆኑ ልባቸው ከሱ ጋር አይደለም። ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ የተመለሰው ሰው ገና በሩን ሲከፍት ሳቁ ድንገት ቀጥ ቢል፣ የማን ዶሴ ተገልጦ እንደ ነበር ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያሻውም። በእንዲህ ያለ ክፍል ስምንት ሰው ይተኛል እንጂ ስምንት ጓደኛ አይኖርም።

ይህን ስንል ስሕተት አይታረም ማለታችን አይደለም። አገራችን ሰው ሳይሰበር ሥራው የሚታረምበትን መንገድ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ታውቀው ነበር። የዋድላን፣ የጎንጅንና የዋሸራን ስም የምንሰማው በቅኔ ስልታቸው ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለት ብቻውን ሆኖ ሲያስብና ሲያሰናዳ ይውላል። ጀማሪው በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ይነሣል። ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ የግእዙ አገባብ ሲዛነፍ ያቀናሉ፤ ምሥጢሩ ሲሳሳ ሌላ መንገድ ያመለክታሉ፤ ጓደኞቹም እየሰሙ ይማሩበታል። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ እንበል። እርማቱ የሚነገረው ባለቤቱ ባለበት ነው። የሚታረመው ቅኔው ነው እንጂ የተማሪው ደበሎ አይደለም። ደግሞም ተማሪው በሌላ ቀን ሌላ ቅኔ ይዞ እንዲቀርብ ይጠበቃል፤ ተሳስቶ ስለ ነበር አፉ አይዘጋም። እርግጥ የቅኔ ቤት ሰው ሁሉ መልአክ ነበር አንልም። በሰሙ አመስግኖ በወርቁ የሚወጋ ባለቅኔ እንደ ነበረ ማን ያጣዋል? ቢሆንም የሚወጋው እንኳ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ሙያውን አሳይቶ ነበር።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ደግሞ «ተማሪ ካልተቸ ማን ይተች? ነቀፋ ባይኖር አገር እንዴት ይሻሻላል?» ሲሉ ይከራከሩናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ለኛ እንጂ ለነሱ አያግዝም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለውን ካሣ ዳምጤን አስታውሱ። ካሣ የሚነቅፈው ልማዱንና ሥርዐቱን ነበር። አካባቢው ግን ለነገሩ መልስ ከመፈለግ ይልቅ «ጉዱ» የሚል ቅጽል አወጣለትና ተገላገለ። አንድ ሰው «ጉዱ» ከተባለ በኋላ የሚናገረው ሁሉ የእብድ ንግግር ነው፤ መልስም አያሻው። እንግዲህ ሰውን መንቀፍ ሐሳብን ለመንቀፍ የሚረዳ መስሎን ከሆነ ነገሩ ተገልብጦብናል። በሰውየው ላይ የሚሳቀው ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ላለመስማት ነው።

ይህ በልብ ወለድ ብቻ የቀረ ቢሆን ባልከፋ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። ከዚያ የተማሪ እንቅስቃሴ ውስጥ በ1960 ዓ.ም. መኢሶን፣ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በኋላ ኢሕአፓ የተባለው ድርጅት በውጭ አገር ተመሠረቱ። ሁለቱም የመሬቱን ጥያቄ ያነሡ፣ ሁለቱም በማርክሳዊ ርዕዮተ ዓለም የሚምሉ ነበሩ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ መኢሶን «ሂሳዊ ድጋፍ» እንስጠው አለ፤ ኢሕአፓ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ። ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢያከራክርም አያስደንቅም። ክርክሩ ግን ከጥያቄው ወደ ተከራካሪው ተሻገረ። ከአንዱ ወገን «ባንዳ» ተባለ፤ ከሌላው ወገን «አናርኪስት» ተባለ። ባንዳ ከተባለ ሰው ጋር ምን ውይይት አለ? ከአናርኪስትስ ጋር? በ1969 ዓ.ም. ቃሉን ጥይት ተካው፤ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የተማሩ ሰዎች ተገዳደሉ።

ያን ሁሉ ደም ያፈሰሰው ቅጽል ስም ነው አንልም። መንግሥትና መሣሪያ በእጁ የነበረው ደርግ ነው፤ የቀይ ሽብሩም ዋና ተጠያቂ እሱው ነው። መኢሶንም ቢሆን በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርግ ተለይቶ በተራው ተሳዷል። ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች ገና መነጋገር ይችሉ በነበረበት ጊዜ አፋቸውን የዘጋባቸው ያ ስም አወጣጥ ነበር ብለን እናምናለን። «ሂስ» የሚለው መልካም ቃል ራሱ በዚያ ዘመን ቆሸሸ። በየስብሰባው «ሂስና ግለ ሂስ» እየተባለ ይደረግ የነበረው ነገር፣ ብዙ ጊዜ ሥራ የሚቃናበት ሳይሆን ሰው በጉባኤ ፊት የሚዋረድበት ነበር።

ዛሬ በየግቢው የሚወጣው ቅጽል ደግሞ ከብሔርና ከትውልድ ስፍራ ጋር ሲነካካ ይታያል። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት በበርካታ ዩኒቨርስቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ ትምህርትም ተቋርጦ ነበር። የግጭቱ ሥር ከግቢ ውጭ ያለ ፖለቲካ እንደ ነበረ እናውቃለን። ቢሆንም ወሬው በየመኝታ ክፍሉ ሲገባ የሚያገኘው ነገር ከክፍል ክፍል ይለያያል። ሁለት ዓመት በአነጋገሩ ሲሳቅበት የኖረ ሰው «የክፍልህ ልጆች ዛሬ ማታ ሊያጠቁህ ነው» የሚል ወሬ ቢደርሰው ማስረጃ አይጠይቅም። ማስረጃውን እኮ በየማታው ሲሰጡት ቆይተዋል! በዚያ ሰዓት «ኧረ ለጨዋታ ነበር» ብሎ ማስረዳት ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው።

በበኩላችን ሁለት ትንንሽ ነገሮች እናሳስባለን። አንደኛው በግጥም ንባብ ምሽት የሚሞከር ነው። አስተያየት ለመስጠት የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ ከሰማው ግጥም በጆሮው የቀረችውን አንዲት ስንኝ ይንገረን፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ይንቀፍ። ስንኝ ያልቀረው ሰው አላዳመጠምና ይቀመጥ። ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ አምጥተው «ስሜ ግን አይውጣ» የሚሉት ጓደኞቻችን ቍጥር ከዚያ በኋላ ይቀንስ እንደ ሆነ እናያለን።

ሁለተኛው የማታውን ችሎት የሚመለከት ነው፤ ከዚህኛው ይልቅ እሱ ይከብዳል። የአንዱ ዶሴ ሲገለጥ ከተጋደሙት መካከል አንድ ሰው ብቻ ቀና ብሎ «እስቲ ይጠራና እሱ ባለበት እንነጋገርበት» ይበል። ጠብ አያስፈልግም፤ ስብከትም አያስፈልግም። ተከሳሹ እኮ ብዙ ጊዜ ከሁለት በር ማዶ ነው ያለው። ሊጠራው የሚሄድ ይገኝ እንደ ሆነ፣ ከተጠራም በኋላ ምን እንደሚባል፣ በዚህ ሳምንት የሞከራችሁት ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።