ካሜራውን ከመክፈታችሁ በፊት

ሰሞኑን ከእኛ ከሠልጣኞች መካከል አሮጌ ካሜራ የመሰብሰብ ፍቅር ያደረባቸው እየበዙ ነው። አንዱ ከአያቱ ሳጥን፣ ሌላው ከቁራሌው ማዳበሪያ ውስጥ አግኝቶ መስኮቱ ላይ ይደረድራል። ደስ ይላል። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፦ የምንሰበስበው ቆርቆሮውን ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን ማን አየው?

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱን የሠራሁት እኔው ነኝ። አጎቴ በደርግ ዘመን ለትምህርት ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት አንዱ ነበር፤ ሲመለስ ዜኒት ካሜራ ይዞ መጣ። እሱ ካለፈ በኋላ ካሜራው እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቡፌ ላይ፣ ከሲኒዎቹ ጎን ተቀምጦ ኖረ። ባለፈው ጥር እስቲ ልየው ብዬ በጠራራ ፀሐይ ጀርባውን ከፈትሁት። ፊልም ነበረበት! ባለቤቱ እትዬ ከጓዳ ወጥታ አየችኝ። «በሞቴ! ከፈትኸው እንዴ? የአያትህ የመጨረሻ ፎቶ እኮ እዚያ ውስጥ ነው!»

ፊልም እንደምናስበው ቶሎ አይሞትም። በተለይ ጥቁርና ነጩ ካሜራ ውስጥ 30 ዓመት ከርሞ ሲታጠብ እንኳ ምስል የሚሰጥበት ጊዜ አለ። የሚገድለው ብርሃን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመጠቅለያውን ቁልፍ በቀስታ ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ያዝ ካደረጋችሁ ውስጡ ፊልም አለ። እንግዲያው ጠቅልሎ ወደ ቤቱ መመለስ፣ ከዚያ በኋላ መክፈት ነው።

የቤት ተንቀሳቃሽ ፊልምማ ባሰበት። ኮዳክ ሱፐር 8ን ያወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። አንዱ ካርትሪጅ 50 ጫማ ይይዛል፤ በሰከንድ 18 ምስል ሲነሣበት የሚቆየው 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ ሰው የሚያነሣው የሚወደውን ነው፤ ሠርጉን፣ የልጁን ክርስትና። ፊልሙ ሲበሰብስ ደግሞ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ የሸተተውን ከጤነኛው መለየት ያስፈልጋል፤ ይጋባልና። ኮዳክሮም የተባለውን ባለቀለም ፊልም ያጥብ የነበረው የመጨረሻው ቤት፣ አሜሪካ ካንሳስ ያለው፣ በ2003 ዓ.ም. ሥራውን ስላቆመ አሁን ቢታጠብም የሚወጣው በጥቁርና ነጭ ነው።

የቤተ መንግሥቱንስ ቦያጂያን የሚባሉት አርመኖች ከምኒልክ ዘመን ጀምረው አንሥተውልናል። የመንቆረርን ሰው ኑሮ ማን አነሣው? መምህሩ፣ ነርሱ፣ ጎረቤቱ በገዛ ካሜራው!

ታዲያ የኔ አሳብ ይህ ነው። የሰበሰብነውን መስኮት ላይ ከመደርደር ይልቅ በትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ክፍል አንድ መደርደሪያ ይሰጠን። ዕቃው ከማን ቤት እንደወጣ በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበት፤ ስም የሌለው ካሜራ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ነው። ፊልም ከተገኘ ለባለቤቱ ይመለስ እንጂ የኛ አይደለም። ዜኒት ኢ ባትሪ አይጠይቅም፤ የፊዚክስ ሠልጣኝ ሌንሱንና መዝጊያውን አሳይቶ ብርሃንን ሊያስተምርበት ይችላል። ባዶውን ነው የምለው!

የአጎቴ ፊልም በመጠቅለያው ላይ ስለነበረ ከላይ ያለው ተቃጥሏል፤ የአያቴም ፎቶ የመጨረሻው ስለሆነ ከላይ ነው። ከውስጥ የተጠቀለሉት ጥቂቶቹ ግን ምናልባት ተርፈው ይሆናል። በጥቁር ላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ። ከመምህራኖቻችን ወይም ከከተማው ሰው ፊልም ማጠብ የሚችል ካለ፣ እባካችሁ በዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች በኩል ይንገሩኝ። እትዬ እስካሁን አላናገረችኝም።